ከቤታችን ሥር ያለው መሬት የማን ነው?

(ውድ ተከታታዮቻችን፤ ከዚህ በታች የምታነቡት በወጣቶች የውይይት መድረካችን ላይ የቀረበ ንግግር ነው። መገኘት ያልቻላችሁ ብዙዎች በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁን የአነጋገሩን ለዛ ሳንነካ በጽሑፍ አቅርበነዋል። አንብባችሁ ለቤተሰብ አጋሩት።)



እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ቤተሰቡ ቤት ያለው እጁን ያውጣ። ጥሩ፣ ብዙ ነው። አሁን ደግሞ የዚያን ቤት ካርታ አውጥቶ፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን እስከ ታች ያነበበ ሰው እጁን እንዳወጣ ይቆይ። አያችሁ? አራት እጅ ቀረ።

ስለ መሬት ስንናገር እኛ ድምፃችን ትልቅ ነው። ስለ ድንበር እንጮኻለን፣ ስለ ርስት እናወራለን፣ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እያልን እንለጥፋለን። እናታችን የምትተኛበት መቶ ሃምሳ ካሬ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ነባር ይሁን ሊዝ፣ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት ግን አናውቅም። ሰፈር ሲፈርስና አፍራሽ ግብረ ኃይል በር ሲያንኳኳ ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ፍለጋ እንሮጣለን። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ወረቀት ነው። ትንሽ ይደርቃል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ቦታ ገዛሁ» እንላለን አይደል? «አባቴ መሬት አለው» እንላለን። በሕግ ቋንቋ ግን በዚህ አገር መሬት ያለው ግለሰብ የለም። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3ን አንብቡ። የገጠርም የከተማም መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ወረድ ብላችሁ ንዑስ አንቀጽ 7ን ስታነቡ ደግሞ በመሬቱ ላይ በጉልበታችሁና በገንዘባችሁ የገነባችሁት፣ ያሻሻላችሁት ነገር ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው ይላል። ትሸጡታላችሁ፣ ታወርሱታላችሁ።

ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ስትገቡ እላይ በላይ የተደራረበ ነገር ነው የምታዩት። ከታች አፈሩ አለ፣ እሱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በእሱ ላይ ወረቀት አለ፣ ይህ ሰው በዚህ አፈር እንዲጠቀም የሚፈቅድ፤ ይህንን ነው «ይዞታ» የምንለው። ከላይ ደግሞ ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ አለ፣ ያ የሰውየው ነው። ደላላ የሚያሳያችሁ የላይኛውን ነው። «ሴራሚኩን እይው፣ ጣሪያውን እይው» ይላችኋል። ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በመካከለኛው፣ በወረቀቱ የተነሣ ነው።

ይህ ከየት መጣ? አጠር አድርጌ ልናገር። አባቶቻችን የተማሪው ትውልድ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ጥያቄው የጭሰኛው ጥያቄ ነበር። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠሩን መሬት በአዋጅ 31 የሕዝብ አደረገው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ አዋጅ 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታው ደግሞ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ። ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ዛሬም «የቀበሌ ቤት» የምንላቸው ሥራቸው እዚያ ነው። ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ሊዝ መጣ። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986፣ ቀጥሎ በ1994፣ ከዚያ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721። ሊዝ ማለት በቀላሉ በጊዜ የተገደበ የመጠቀም መብት ነው። ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው። ለንግድ አዲስ አበባ ውስጥ 60፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት። ዘመኑ ሲያልቅ ሊታደስ ይችላል፣ ዋጋው ግን በዚያን ጊዜ በሚኖረው መነሻ የሊዝ ዋጋ ነው የሚሰላው። «99 ዓመት እኮ ለልጅ ልጄም ይበቃል» የሚል ሰው ሁሌ ይገጥመኛል። ሊበቃ ይችላል። ግን ሻጩ ውሉን የፈረመው መቼ ነው? 99 የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን ከውሉ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣት የሚወድቅበት እዚህ ነው። እንበልና አንድ ሰው መቶ ካሬ በጨረታ አሸነፈ፣ በካሬ ሠላሳ ሺህ ብር። ጠቅላላው ሦስት ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሲዋዋል የሚከፍለው ቢያንስ ከመቶ አሥሩን ነው፣ ሦስት መቶ ሺህ። ቀሪው ሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ በየዓመቱ እየተከፋፈለ ከነወለዱ ይከፈላል። በሠላሳ ዓመት ከተከፋፈለ ዋናው ብቻ በዓመት ዘጠና ሺህ ብር ነው። ይህ ሰው ቤት ሠርቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ለእናንተ ቢሸጥላችሁ፣ የገዛችሁት ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የቀረውን የሊዝ ክፍያም አብራችሁ ገዝታችኋል። ደላላው ግን «ካርታ ያለው ቤት ነው» ብቻ ነው የሚላችሁ። ካርታ አለው፣ እውነት ነው። ዕዳም አለው። ውዝፉ ሲጠራቀም ደግሞ አስተዳደሩ ንብረቱን ይዞ እስከ መሸጥ የሚደርስ ሥልጣን አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ካርታ አለው ወይ?» ሳይሆን «ካርታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ የመጨረሻውን ዓመት የክፍያ ደረሰኝ አሳየኝ» ይሁን።

ነባር የምንለው ከሊዝ በፊት የተያዘውን ይዞታ ነው። የአያቶቻችን ቤቶች በብዛት እንዲህ ናቸው። ነባር ይዞታ በዓመት የሚከፍለው ትንሽ ነው፣ ለዚህ ነው ሁሉም የሚወደው። ግን አዋጅ 721 አንድ ነገር ጨምሯል። ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥርዓት ውስጥ ይገባል። በውርስ ከሆነ እንደ ነባር ይቀጥላል። አሁን ይህን ከቤታችሁ ጋር አያይዙት። አያታችሁ ሞተዋል፣ ካርታው ዛሬም በአያታችሁ ስም ነው፣ አጎቶች አልተስማሙም፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማንም አላወጣም። ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረችው አክስታችሁ ግብር በስሟ ትከፍላለች፣ የመብራት ቆጣሪውም በስሟ ነው። ባለቤት ናት? አይደለችም። የግብር ደረሰኝና የቆጣሪ ወረቀት ደጋፊ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ እንጂ የይዞታ ማረጋገጫ አይደሉም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195 የሚለው፣ በአስተዳደር ክፍል የባለቤትነት ማስረጃ ወረቀት የተሰጠው ሰው እንደ ባለቤት ይቆጠራል ነው። «ይቆጠራል» የሚለውን ልብ በሉ። ቀጥሎ ያለው 1196 ወረቀቱ ከሕግ ውጪ ከተሰጠ ወይም ሥልጣን በሌለው ሰው ከተሰጠ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። «ካርታ መከነ» ሲባል የምትሰሙት ይህ ነው።

እንግዲህ ካርታ ራሱ የመጨረሻ ቃል ካልሆነ እውነቱ የት ነው ያለው? መዝገቡ ውስጥ ነው። ሻጩ ቦርሳ ውስጥ ያለው ቅጂ ነው፣ ዋናው ፋይል ቢሮ ነው ያለው። ይህችን ካወቃችሁ የዛሬው ጉዳይ ግማሹ አለቀ። በጣም የሚያምር፣ ማኅተም ያለው፣ ፎቶ የተለጠፈበት ካርታ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን የሌላ ሰው ስም ይገኛል። ወይም አንድ ቦታ ላይ ሁለት ካርታ ወጥቷል። ወይም ካርታው ትክክል ነው፣ ሰውየውም ትክክል ነው፣ ግን ፍርድ ቤት ባለፈው ወር እግድ አስገብቶበታል።

ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ (ደግሜ እላለሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ!) ሻጩን ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የይዞታ ምዝገባ ክፍል ሂዱ። ብቻችሁን ብትሄዱ «አንተ ማነህ?» ይባላል፣ ፋይል ለማንም አይከፈትም። ባለይዞታው ራሱ አመልክቶ «ከዕዳና ከእግድ ነፃ» የሚል ማረጋገጫ ይውሰድ። ይህን ለማድረግ የሚያንገራግር ሻጭ፣ «ሰው እንዳይሰማ ነው» የሚል፣ «ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል» የሚል፣ በቃ መልሱን ነግሯችኋል። ፋይሉ ላይ የምታዩት ምንድን ነው? ስሙ፣ ፎቶው፣ የካሬ መጠኑ፣ አገልግሎቱ (መኖሪያ ነው፣ ንግድ ነው፣ ቅይጥ ነው)፣ የቦታው የኤክስና ዋይ መለኪያ ነጥቦች። እነዚያን ቁጥሮች አትናቋቸው። ቀያሽ ጠርታችሁ መሬት ላይ ስታስለኩ አጥሩ የጎረቤት ቦታ ገብቶ፣ ወይም ወንዝ ዳር ለአረንጓዴ ቦታ ተከልሎ ታገኙት ይሆናል። ካርታው 150 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ግን 210 ካሬ ያጥራል፤ ስድሳ ካሬው የማን ነው? ያ ትርፍ ነው፣ ዋጋ ውስጥ ሊቆጠር አይገባም። ሻጩ ግን ቆጥሮታል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ይህን ሁሉ በካዳስተር ለመፍታት ነው የታሰበው። እያንዳንዱ ቁራሽ ይለካል፣ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መብቱም ክልከላውም ኃላፊነቱም አንድ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔ እደግፈዋለሁ። ሰፈራችሁ ላይ «ይዞታችሁን አረጋግጡ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን ቤተሰባችሁ እንዳይተኛ። ማረጋገጡ በሰፈር ነው የሚካሄደው፣ ቀን አለው። ጎረቤታችሁ ድንበሩን አስለክቶ ሲፈርም እናንተ ከሌላችሁ በኋላ ስትከራከሩ ሸክሙ የእናንተ ነው። እናቶቻችን ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ። እናንተ ትችላላችሁ። ኬንያ ድንበር ላይ ስለሆነው ነገር በሰዓቱ የምታውቅ ልጅ ወረዳው በር ላይ የተለጠፈውን እንዴት ላታይ ትችላለች?

ወደ ማጭበርበሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም የእናንተን ዕድሜ የሚያጠቃው እሱ ነው።

አንዱ «የሊዝ ባዶ ቦታ» ነው። «ጨረታ አሸንፌ ነበር፣ አቅም አጣሁ፣ አንተ ጨርሰው» ይላችኋል። አዋጅ 721 ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብት በግል ስምምነት ከእጅ ወደ እጅ እንዲያልፍ አይፈቅድም፣ በአስተዳደሩ ክትትል መሆን አለበት። የሚተላለፈውም ሰው በዋነኛነት የሚያገኘው የከፈለውን ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው ዋጋ ትንሽ ድርሻ ነው፣ ሌላው ወደ መንግሥት ይገባል። ይህን ስለሚያውቅ ነው ሰውየው በጓዳ ሊጨርስ የሚፈልገው። በውክልና ያደርገዋል። «ስም እስኪዞር በእኔ ስም ይቆይ፣ ሙሉ ውክልና ሰጥቼሃለሁ» ይላችኋል። ውክልና በማንኛውም ቀን ይሻራል። ወካዩ ከሞተ በመሠረቱ ያበቃል። ደግሞ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ለመሸጥ የሚል ግልጽ ሥልጣን ያስፈልጋል። በውሉ የተቀመጠው የግንባታ ጊዜስ? ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር ነው የሚሰጠው። ጊዜው ካለፈበት ቦታ ላይ ገንዘባችሁን አፈሰሳችሁ ማለት ነው።

ሌላው የቀበሌ ቤት ነው። ተመልሼ እመጣለሁ ያልኩት ይህን ነው። የቀበሌ ቤት የሚኖርበት ሰው ተከራይ ነው። ሃምሳ ዓመት ቢኖርም፣ ጓዳ ቢቀጥልም፣ ሴራሚክ ቢያነጥፍም ተከራይ ነው። «እለቅልሃለሁ፣ በስምህ አዞርልሃለሁ» ብሎ ብር የሚቀበል ሰው የራሱ ያልሆነን ነገር ነው የሚሸጠው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳና ሌሎች ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ ያ ልዩነት በአንድ ቀን ግልጥ ብሎ ታየ። ባለይዞታ የሆነው በአንድ መስመር፣ የቀበሌ ተከራዩ በሌላ መስመር ነበር የሚስተናገደው። በወረፋው ላይ ከቀበሌ ተከራይ የተከራየው ደግሞ በየትኛውም መስመር አልነበረም።

ትልቁ ጉዳይ ግን የከተማ ዳር መሬት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሹ የገበሬ ልጅ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ከገበሬ ቦታ ለመግዛት ብር የሚያጠራቅም ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ በሉት፣ ባሕር ዳር ዳርቻ በሉት፣ ደሴም ደብረ ብርሃንም ሐዋሳም ነገሩ አንድ ነው። ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። መጠቀም፣ ማከራየት፣ ለልጁ ማውረስ ይችላል፤ መሸጥ አይችልም። ግን ከተማው ወደ እሱ እየመጣ መሆኑን ያያል። ሲወሰድበት የሚያገኘው ካሳ ለመሬቱ ዋጋ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ላፈራውና ለሚያጣው ምርት የሚሰላ እንደሆነ ያውቃል። ጎረቤቱ ካሳውን ተቀብሎ ጨርሶ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር አይቷል። ስለዚህ ቀድሞ መሸጥን ይመርጣል። በሌላ በኩል እናንተ አላችሁ። የሊዝ ጨረታ አይቀመስም፣ ኮንዶሚኒየም ዓመታት ጠብቃችሁ አልደረሳችሁም፣ ኪራይ በየስድስት ወሩ ይጨምራል። ሁለታችሁም በአንድ ችግር ተገፍታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ትገናኛላችሁ፣ መሃል ላይ ደላላ።

ከዚያ ወረቀት ይጻፋል። ሽያጭ ብሎ መጻፍ ስለማይቻል «ብድር» ተብሎ ይጻፋል። ገበሬው ይህን ያህል ብር ተበድሯል፣ ካልከፈለ... እየተባለ። ወይም «ስጦታ» ይባላል። ወይም የጥቅም ኪራይ ውል። ሦስት የሰፈር ሽማግሌ ምስክር ሆኖ ይፈርማል። ሌሊት ሌሊት ቤት ይቆማል፣ ስሙም «ጨረቃ ቤት» ተባለ። አሁን ከተማው ሲመጣ ምን ይሆናል? መዝገቡ ላይ ያለው ገበሬው ነው። ካሳው ለገበሬው ይከፈላል። የእናንተ ቤት «ሕገ ወጥ ግንባታ» ይባላል። ገበሬው ጨዋ ከሆነ ብራችሁን ይመልስ ይሆናል። ወረቀታችሁ «ብድር» ስለሚል ከተመለሰም የሚመለሰው ያን ጊዜ የሰጣችሁት ብር ነው፣ ዛሬ በዚያ ብር በር አይገዛም። አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ገበሬው ማንበብ ስለማይችል «ብድር» በተባለ ውል ከፈለገው በላይ መሬት አስረክቦ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ እያሰባችሁ ስሙኝ። ሁለቱም ወገናችን ነው።

«ኋላ ሕጋዊ ይደረጋል እኮ፣ ሲደረግ አይተናል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ሰነድ አልባ ይዞታዎች የተስተካከሉበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶ ላይ የሚታይ ቤት እየተባለ ተሠርቷል። ግን መስፈርቱ ላይ «በዚያን ቀን ቤቱ ነበረ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ካለፈው ምሕረት ተነሥታችሁ የሚቀጥለው ይመጣል ብላችሁ የአምስት ዓመት ቁጠባችሁን አፈር ላይ አታፍስሱ።

የመንደር ውልም እንዲሁ ነው። ሕጋዊ ቤት እንኳ ቢሆን ሽያጩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መሆን አለበት፤ በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው ቢሮ ማለት ነው። ሻጩ ውሉን ካመነላችሁ እግዚአብሔር ይስጠው። ከካደ ግን፣ የቦታው ዋጋ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስንቱ እንደሚክድ እናንተው ታውቃላችሁ፣ ያ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት አያድናችሁም። እዚያው ቢሮ ስትሄዱ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቃሉ። አትሰላቹ፣ ለእናንተ ነው። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ሁለቱም መስማማት አለባቸው፣ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ነው። «ሚስቴ ዓረብ አገር ናት፣ ትፈቅዳለች» የሚለው ቃል ሰነድ አይደለም። እሷ እኮ ናት ብሩን የላከችው!

ባንክንም አትርሱ። ቤቱ ለብድር ተይዞ ከሆነ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን በ1990 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ 97 ተሰጥቶታል። ካርታው ባንክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሻጩ «ካርታው ዘመድ ጋር ነው» ካለ ዘመዱ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

እንግዲህ የእኔን አስተያየት ልናገር፣ የማትስማሙ ካላችሁ በኋላ እንከራከር። «መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው» ተብሏል። መንግሥት የሚለውን ቢሮ ስንሄድ እናገኘዋለን፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሕዝብ የሚለውስ የት ነው ያለው? ሕዝብ ባለቤት ከሆነ መዝገቡን የማየት መብቱ ከዚያ መጀመር ነበረበት። አንድ ወጣት የቁራሹን ቁጥር ይዞ ሄዶ «ይህ ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ እግድ አለበት ወይስ የለበትም?» ብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደረሰኝ መልስ ቢያገኝ ደላላው ሥራ ይፈታ ነበር። አሁን ግን መረጃው የሚገኘው በትውውቅ ነው፣ ወይም በሌላ በምታውቁት መንገድ። መዝገቡ በተዘጋ ቁጥር አጭበርባሪው ይከብራል። ስለዚህ ስለ መሬት የምናቀርበው ጥያቄ «የማን ነው?» ላይ ብቻ እንዳይቆም እፈልጋለሁ። «መዝገቡን አሳዩን» የሚል ጥያቄ ይኑረን። ይህ ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማይገፋ ጥያቄ ነው፤ የየትኛውም ብሔር ልጅ ቢሆን ቤቱን ሊያጣ ይችላልና።

ለልማት ተነሡ ስለመባልም አንድ ነገር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 ካሳ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። የሚከፈለውም በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ነው፣ ለአፈሩ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም ካሳው ቅድሚያ ይከፈል ይላል። ትእዛዝ ሲደርሳችሁ ወረቀቱ ላይ ቀን አለ፣ ቅሬታ የማቅረቢያ ጊዜውም ከዚያ ቀን ነው የሚቆጠረው። በፌስቡክ ስታለቅሱ ቀኑ እንዳያልፍ። መጀመሪያ ማመልከቻውን አስገቡ፣ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ያዙ፣ ከዚያ ለጥፉ፤ እኛም እናጋራለን።

በውጭ ላላችሁ፣ ይህን በስልክ ለምታዩ ወንድሞችና እህቶች፤ በየወሩ ብር እየላካችሁ «ወንድሜ በስሙ ገዝቶልኛል» የምትሉ ብዙ ናችሁ። መዝገቡ የሚያውቀው ወንድማችሁን ነው። እሱ ሲያገባ ሚስቱን ያውቃል፣ ሲሞት ልጆቹን ያውቃል። እናንተን አያውቅም። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆናችሁ የውጭ ዜጎች ቢጫ ካርድ ካላችሁ በ1994ቱ አዋጅ 270 መሠረት በስማችሁ ቤት ማፍራት ትችላላችሁ። ወንድማችሁን በጣም የምትወዱት ከሆነ ይበልጥ በስማችሁ አድርጉት፣ ፍቅራችሁ ይቆይ ዘንድ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ቤት ስትገቡ «እማዬ፣ ካርታውን አሳዪኝ» በሉ። ትደነግጣለች፣ «ልትሸጠው ነው እንዴ?» ትላለች። አረጋጓት። በማን ስም እንደሆነ፣ ነባር ወይስ ሊዝ እንደሚል፣ ካሬውን፣ የወጣበትን ዓመት ደብተር ላይ ጻፉ። የሞተ ሰው ስም ካያችሁ ሰኞ ጠዋት የወራሽነት ጉዳይ ጀምሩ፣ አጎቶች በሕይወት እያሉ ነው የሚቀለው። ሊዝ ከሆነ የዘንድሮው ክፍያ መከፈሉን አረጋግጡ። ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ግን እባካችሁ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፣ ሀሰተኛ ካርታ የሚሠራው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሰዓቴን በልቻለሁ። ከኋላ ያለኸው ወንድሜ ከመጀመሪያው ጀምሮ እጅህን አውጥተህ ነበር፣ ማይኩን አቀብሉት። ስለ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የምትጠይቀው በ370/1995 ያለውን የጋራ ይዞታ ጉዳይ ለብቻ እናየዋለን።